ግራ በኩል ጥጥ ይሞላ

ጥቅምት 9

ለእትዬ፣ ለቀይ እስክሪብቶ እመቤት፤

ሰላምታዬን በክር አስሬ ልኬልሻለሁ፤ ቀስ ብለሽ ፍቺው፣ ክሩ የጋሼ ሜትር ነው። እኔ ደህና ነኝ። እማዬ ደህና ናት። አባዬ ደህና ነኝ ይላል። አሠሪዬ ጋሼ ሜትርም ደህና ናቸው። ያው የልብስ መለኪያው ሜትር አንገታቸው ላይ ነው፤ ሲታጠቡም አያወልቁትም እየተባለ ይወራል። ያስወራሁት እኔ ነኝ።

ወረቀትሽ በአውቶቡሱ ሾፌር እጅ ደርሶኛል። ስልክ እያለ ለምን በደብዳቤ እንደሆነም ገብቶኛል። አባዬ በድምፅ ማጉያ ካልሆነ አይሰማኝም ስለሚል አንቺ «ሄሎ» ስትይ «ሄሎ» የሚልሽ ግቢው በሙሉ ነው። ባለፈው ጊዜ የጎረቤት ልጅ «እሷም ጉንፋን ይዟታል» ብሎ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ።

ወረቀቱን ሦስቴ አነበብኩት። ከስምንተኛ ክፍል የሸሸ ሰው ሦስቴ ቢያነብ አይፈረድበትም። ከላይ «የቤተሰብ የጤና ታሪክ» ይላል። ከሥሩ ሠንጠረዥ አለ፦ ዝምድና፣ በሽታ፣ በሽታው የታየበት ዕድሜ፣ በሕይወት አለ ወይስ የለም። አንቺ ደግሞ አንዱን በሽታ በእርሳስ ከበሽዋል። ኧረ እትዬ! ወንድምሽ እኮ ነኝ። ስሙን መጻፍ ከበደኝ። «የዚያ ነገር ካንሰር» ልበለው። እኛ ልብስ ሰፊዎች እንኳ «ደረት» ብለን ነው የምናልፈው።

እንደጻፍሽልኝ ከሆነ ክሊኒኩ አርባ ዓመት ያልሞላትን ያለ ምክንያት አይመረምርም፤ ወረፋውም እስከ ሰኔ ነው። በዘሯ ያለባት ግን ቶሎ ትጠራለች። ይሄም ገባኝ። «የሥራ ባልደረባዬን ስሸኛት ነርሷ ወረቀቱን ሰጠችኝ» ያልሽው ግን አልገባኝም። ባልደረባሽ የኛን አያቶች ምን ልታደርጋቸው ነው?

ለማንኛውም ሥራዬን ጀምሬያለሁ። ለእማዬ «ጋሼ ሜትር ሴቶቹ ረጅም ዕድሜ ለኖሩበት ቤተሰብ ቀሚስ በነፃ ሊሰፉ ነው» አልኳት። ሽንኩርቱን አስቀምጣ ተቀመጠች። እናቷ ዘጠና አንድ፣ የእናቷ እህት ሰማንያ ስምንት፣ አንዷ ደግሞ ዕድሜዋን ስለምትደብቅ አይታወቅም፤ ግን አሁንም ትጣላለች። በሽታም ጠየቅኋት፣ ያንንም ነገር ጨምሬ፤ ይህን ስላት ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ነበር። «በእኛ በኩል እንዲህ ያለ ነገር የለም» አለችና አባዬ ወደተቀመጠበት በረንዳ አየት አደረገች። ከዚያ ሽንኩርቷን አነሳች።

አባዬንም ጠየቅኩት። እናቱ በምን ሞተች? «ብርድ መቷት።» እህቱስ? «ኀዘን።» ብርድ ለስንት ጊዜ ነው የሚመታው ስለው «እስኪገድል» ብሎ ሬዲዮኑን ይዞ ገባ።

ስለዚህ በእናታችን በኩል ንጹሕ ነን፤ ጉዳዩ ተዘግቷል። ቀሚሱን ግን እማዬ በየቀኑ እየጠየቀችኝ ነው። ምን ላድርግ?

ያንቺው ቁንጫ

—

ጥቅምት 17

ለቁንጫ፤

እኔ ደህና ነኝ፤ ክሩንም ፈትቼዋለሁ። ደብዳቤህን አርሜ መልሼልሃለሁ። አርባ አንድ ስህተት አለው። ሠላሳ ዘጠኙን እርሳው፤ ሁለቱ ናቸው የሚያሳስቡኝ።

የመጀመሪያው «ያ ነገር» ያልከው ነው። ስም አለው። ጡት ነው። ሌላ ደብዳቤ ከመጻፍህ በፊት ባዶ ወረቀት ላይ አሥር ጊዜ ጻፈው። ላሳፍርህ ብዬ አይደለም፤ የቤታችን ሰው ሁሉ እንዳንተ ጣሪያ ጣሪያ እያየ ስለኖረ ነው ዛሬ የምሞላው ያጣሁት።

ሁለተኛው «በእናታችን በኩል ንጹሕ ነን፤ ጉዳዩ ተዘግቷል» ያልከው ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ነርሷ «አባት የለሽም እንዴ?» አለችኝ። አባት ከእናቱ የወረሰውን ለልጆቹ ሊያወርስ ይችላል፤ ሴትም ትሁን ወንድ ዕድሉ እኩል ነው። የአባት ወገንን ሰው ስለማይጠይቅ ግማሹ ወረቀት ባዶውን እንደሚመለስላት ነገረችኝ።

አንተ ትንሽ ነበርክ፤ እኔ ግን የአባዬን እህት አስታውሳለሁ። በመጨረሻው ዓመቷ የምታቅፈኝ በቀኝ ጎኗ ብቻ ነበር። በዚያ ሁሉ ሙቀት እስከ አገጯ የተዘጋ ቀሚስ ትለብስ ነበር። ያኔ ፋሽን መስሎኝ እኔም ይሰፋልኝ ብዬ አልቅሻለሁ። ኀዘን ሰውን አንገት ድረስ አይቆልፍም።

የምፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ምን እንደነበረና በስንት ዓመታቸው እንደነበረ። በግምት አይሆንም። ነርሷ «ዕድሜው ነው ዋናው፤ ወጣት ሳሉ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው» ብላለች።

ስለ ባልደረባዬ የጠየቅኸውን አይቻለሁ። አልመልስም። አባዬን ደግመህ አታስጨንቀው። ለእማዬ ቀሚስ ስፋላት፤ የዋሸኸው አንተ ነህ።

እህትህ

—

ኅዳር 2

ለእትዬ፤

ጡት ጡት ጡት ጡት ጡት ጡት ጡት ጡት ጡት ጡት። ይኸው አሥር። ወረቀቱን ሱቅ ውስጥ ረስቼው ጋሼ ሜትር አግኝተውት ለሁለት ቀን አላናገሩኝም።

አሁን የምነግርሽን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ቀሚስ ብለሽ ስትጽፊ አንድ ነገር ጭንቅላቴን ነከሰኝ። የኛን ቤት ልብስ ሁሉ የሰፉት ማን ናቸው? ጋሼ ሜትር። ጋሼ ሜትር ደግሞ ልክ የለኩትን ሰው በሙሉ ደብተር ላይ ይጽፋሉ፤ ቀኑን፣ ደረቱን፣ ወገቡን፣ እጅጌውን፣ ከጎኑም ልብሱ የሚፈልገውን። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ! ደብተሮቹ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ባለው የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ናቸው። እኔ አዲሱ ላይ እጽፋለሁ እንጂ ሣጥኑን መንካት ክልክል ነው። «ሰው ልኩን የሚሰጠኝ አምኖኝ ነው» ይላሉ። አንዴ አንዲት ሴት የምራቷን ወገብ ልወቅ ብላ ብትመጣ በካውያ አባረዋታል፤ ካውያው ደግሞ የጋለ ነበር።

እንዴት ላስከፍታቸው? ስጋ ሻጩን ታውቂው የለ፤ አሁን በር በጎን የሚገባ ሆኗል። «ጋሼ፣ ስጋ ሻጩ ከአሥር ዓመት በፊት ቀጭን ነበርኩ፤ ሱሪዬን ያጠበቡብኝ ጋሼ ሜትር ናቸው እያለ ያወራል» አልኳቸው። ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። ሣጥኑን ከፈቱ፣ ደብተሩን መዘዙ፣ «መቶ አራት! ያኔም መቶ አራት!» እያሉ ሜትራቸውን እያውለበለቡ ወጡ። ሣጥኑን ሳይዘጉ።

የሚበቃኝ ጊዜ ያለኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ምስኪኑ ስጋ ሻጭ ከነጭራሹ ምንም አላለም። «እኔ? ጋሼ፣ እኔ እኮ ወፍራም መሆኔን እወዳለሁ» አላቸው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሰው መጥተው ሣጥኑ ውስጥ እስከ ትከሻዬ ገብቼ አገኙኝ።

«ውጣ» አሉኝ።

ወጣሁ።

«ምን ፈልገህ ነው?»

ቀልድ ጀምሬ ተውኩት። የላክሽውን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አነበቡ፣ አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጠርገው እንደገና አደረጉ። «ለማን ነው?» አሉኝ። ለእትዬ አልኩ። የሱቁን በር ዘጉት። እትዬ፣ ያ በር በሥራ ሰዓት ሲዘጋ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ሁለት ደብተር አወጡ። አንዱ ላይ አያታችን አለች፤ ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት። ቀሚስ ነው። ከልኩ ጎን «ግራ በኩል ጥጥ ይሞላ» ይላል። ጋሼ ሜትር «ሐኪም ቤት አስቆርጣ ነው የመጣችው። ማንም እንዳያውቅብኝ አለችኝ። ጥጡን በእጄ ነው ያፍታታሁት» አሉ። አባዬን የወለደችው በአሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አባዬ ያኔ ሃያ ሦስት ነበር። ስለዚህ አርባ አንድ ዓመቷ። ሂሳቡን ሁለቴ ሠርቼዋለሁ፤ በቀይ አትንኪው።

ሁለተኛው የአክስታችን ነው፤ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት። «ግራ በኩል ጥጥ ይሞላ። አንገቱ ይዘጋ። ግራ እጅጌ ሁለት ጣት ይጨመርበት፣ ክንዷ አብጧል።» ሠላሳ ስምንት ዓመቷ። ከዚያ በዘጠነኛው ወር ሌላ ገጽ አለ፤ ያው ቀሚስ እንዲጠብ ነው። ወገቡ ብቻ በስድስት ጣት ቀንሷል። ከሥሩ ምንም አልተጻፈም። ጋሼ ሜትር በጣታቸው ባዶውን ቦታ አሳዩኝና «ይሄንን አልወሰደችውም» አሉ።

ብርድና ኀዘን ያልነው ይኸው ነው። በሽታውን ቤተሰቡ ደበቀው፤ ልብስ ሰፊው ግን ልኩን መጻፍ ነበረበት።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽና ተገረሚ። ጋሼ ሜትር ሁለቱን ደብተር ሲመልሱ ሦስተኛ ደብተር፣ አዲስ የሚመስል፣ ከሣጥኑ አውጥተው ብብታቸው ሥር ያዙ። «ያስ?» አልኳቸው። «ይሄ የሞተ ሰው አይደለም። የሞቱት አይቆጡኝም ብዬ ነው ያሳየሁህ» አሉና ክዳኑ ላይ ቁጭ አሉበት። ቀኑን ሙሉ እዚያው ላይ ተቀምጠው ቁልፍ ሲተክሉ ዋሉ። ምን ይሆን? እንቅልፍ ነሳኝ።

የእማዬ ቀሚስ እየተሰፋ ነው። የስጋ ሻጩንም ሱሪ በነፃ እንድጠግን ተፈርዶብኛል።

ቁንጫ

—

ኅዳር 20

ለወንድሜ፤

ዛሬ አላረምኩህም። ደብዳቤህን እንዳለ፣ ከነስህተቱ፣ ለነርሷ አሳየኋት። አማርኛህ ሳያስቃት አልቀረም፤ አርባ አንድ እና ሠላሳ ስምንት የሚለው ጋ ስትደርስ ግን ሳቋን ተወች። በዚያው ሳምንት ተጠራሁ። ሰኔ የተባለው ኅዳር ሆነልኝ። ያ የቆርቆሮ ሣጥን ሰባት ወር ሰጠኝ።

ባልደረባ የለችም። ሳታውቅ አትቀርም። መስከረም ላይ ስታጠብ ቀኝ ጡቴ ውስጥ ሽምብራ የምታክል ነገር እጄ ላይ መጣች። አታመኝም። የሚያም ነገር ቢሆን ኖሮ ቀድሜ እነግርህ ነበር፤ የማታም ስትሆን ግን ምን ብዬ ልጀምር? ይቅርታ አድርግልኝ። አንተን «ስሙን ጻፈው» ብዬ እየተቆጣሁ እኔ የራሴን ደብቄ ነበር።

ፎቶ አነሱኝ፣ በመርፌም ናሙና ወሰዱ። ሐኪሟ አብዛኛው እንዲህ ያለ ነገር ክፉ ሆኖ አይገኝም ብላኛለች፤ ግን እስኪታወቅ ድረስ አብዛኛው ማለት ለሰው አይበቃውም። ውጤቱ ታኅሣሥ 8 ይነገረኛል።

አሁን የምጠይቅህ ሌላ ነው። ሐኪሟ በዘር የሚተላለፍ መሆኑን በደም ማወቅ ይቻላል አለችኝ። የሚሻለው ግን በሽታው ከያዘው ሰው ደም መጀመር ነው፤ እሱ ላይ የሚፈለገው የዘር ለውጥ ከተገኘ፣ እኔም አንተም ያው ይኑርብን አይኑርብን በግልጽ ይታያል። ከእኔ ብቻ ከተጀመረ መልሱ ብዥ ሊል ይችላል። «በሕይወት ያለ ሰው የለም?» አለችኝ። የለም አልኩ። «ወንዶችስ?» አለች። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ብዙ ባይሆንም ወንድንም ይይዛል አለችኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር አልለቀኝ አለ። ከአራት ዓመት በፊት አባዬ «የድሮ ጓደኛዬ ጋ ሰነበትኩ» ብሎ ሁለት ወር የጠፋው የት ነበር? ባለፈው ዓመት እኔ ጋ ሲመጣ፣ በዚያ ሙቀት፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ለምን ኮቱን አላወለቀም?

ጋሼ ሜትር ብብት ሥር የቀረው ደብተር የማን ነው?

እህትህ

—

ታኅሣሥ 3

ለእትዬ፤

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ወረቀቱ ከጋሼ ሜትር የቀሚስ ንድፍ የተቆረጠ ነው፤ ጀርባው ላይ የማታውቂውን ሰው ዳሌ ታገኛለሽ፤ ለማንም እንዳታሳዪ።

ደብተሩን መክፈት አላስፈለገኝም። ጥያቄሽ ራሱ በቃኝ። ምክንያቱም ያንን ኮት ያስተካከልኩት እኔ ነኝ።

የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሱቅ ከገባሁ ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር። ጋሼ ሜትር የአባዬን ኮት ሰጡኝና «ግራ ደረቱ ላይ፣ ከገበሩ ሥር፣ ይህችን ስስ ስፖንጅ ስፋ» አሉኝ። ለምን ስላቸው «ደንበኛው ነው ያለው» አሉኝ። እኔ ምን አደረግኩ? እራት ላይ፣ ሁሉም በተሰበሰበበት፣ «አባዬ በስተርጅና ጡንቻ አስተከለ! በአንድ በኩል ብቻ፣ ሌላው ሲደርስ ይጨመራል!» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባዬም ሳቀ። ክንዱን አጥፎ ጡንቻውን አሳየን። እማዬ ብቻ ሳህን ልታመጣ ተነሳች፤ ሳህኑ ሁሉ ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ያንን ቀልድ ደጋግሜዋለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ ሁሉ።

አሁን እማዬ «በእኛ በኩል የለም» ብላ ለምን ወደ በረንዳው እንዳየች ገባሽ?

አባዬን አታስጨንቀው ብለሻል። አላስጨነቅኩትም። ትናንት ጠዋት በረንዳው ላይ ብቻውን ሬዲዮኑን ሲነካካ መርፌና ክር ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቀልድ ፈለግኩ፣ አንድም አልመጣልኝም።

«አባዬ፣ ኮትህን ስጠኝ፤ ስፖንጁን ልይልህ» አልኩት።

ሬዲዮኑን ዘጋው። ከዚያ «ሸሽቷል» አለኝ። «ለሁለተኛ ጊዜ ከታጠበ ጀምሮ ብብቴ ውስጥ ገብቷል። ሁልጊዜ በክንዴ ደግፌ ነው የምሄደው።»

«አራት ዓመት? ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ልጄ፣ ጡንቻዬ ሸሸብኝ ልበልህ?»

እትዬ፣ ሳቅኩ። ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ፤ ሁለቱንም በአንድ አፍንጫ። እሱ ግን አልተቆጣኝም። «ቀልድህ ጠቅሞኛል፤ ሰው ሁሉ ስቆ አለፈው፤ የጠየቀኝ የለም» አለኝ። ይሄኛው ከቁጣ ይብሳል።

ሽምብራሽን ነገርኩት። ስላስፈቀድኩሽ አይደለም፤ ይቅርታሽን በኋላ እወስዳለሁ። «እኔ ላይ ሲመጣ» አለ፣ «የሴት በሽታ ነው ብዬ አፈርኩ። ቆርጠው ሲያወጡልኝ፣ በቃ፣ ከእናቴ የመጣው እኔ ላይ አለቀ አልኩ። ወደ እሷ ሊያልፍ ይችላል ብዬ... ማን ነግሮኝ? እኔስ ማንን ጠይቄ?» ሐኪሞቹ ያኔ ስለ ልጆቹ ጠይቀውት ነበር። «ሁሉም ደህና ናቸው» ብሎ ወጣ።

በሽታው ከያዘው ሰው ደም መጀመር ይሻላል ማለትሽንም ነገርኩት። አልጨረስኩትም። «ወረቀቱን አምጣ» አለኝ። የራሱን እስክሪብቶ አወጣ፤ እኔን አላመነኝም፤ ከሠንጠረዡ ግርጌ በዚያ ትልልቅ ጽሑፉ እንዲህ ብሎ ሞላ፦ «አባት። የጡት ካንሰር፣ ግራ። በሃምሳ አምስት ዓመቱ። በሕይወት አለ።» የመጨረሻዋን ሁለት ቃል ሁለት ጊዜ አሰመረባት። ጡት የሚለውን ሲጽፍ ጣሪያ አላየም። እኔም አላየሁም።

ሐሙስ በመጀመሪያው አውቶቡስ ይመጣል። ወረቀቱ በውስጥ ኪሱ ነው፤ ይህን ደብዳቤ ግን ሾፌሩ ቀድሞ ያደርስልሻል። ታኅሣሥ 8 አብሮሽ ይገባል፤ ደሙንም ይሰጣል። እማዬ በአዲሱ ቀሚሷ ሻንጣውን እያሰረች ናት፤ ቀሚሱ ነፃ አለመሆኑን ያወቀችው ገና ዛሬ ነው።

ኮቱን ሱቅ ወስጄው ነበር። ጋሼ ሜትር ሳልጠይቃቸው ሦስተኛውን ደብተር ከፍተው ፊቴ አስቀመጡና «በራስህ እጅ ለካው» አሉኝ። አባዬን አስመጥቼ፣ በሩን ዘግተን፣ ሸሚዙን አስወልቄ ለካሁት። ጠባሳው አንድ መዳፍ ይሆናል። ሜትሩ እጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ «ቀዘቀዘህ እንዴ?» ይለኛል፣ እርቃኑን የቆመው እሱ ሆኖ። አዲስ ገጽ ላይ ቀኑን ጻፍኩ፣ ልኩን ጻፍኩ፣ ስፖንጁንም ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ሰፋሁት። ከእንግዲህ በክንዱ አይደግፍም። ስለዚህ ሲወርድ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቢመጣብሽ አትደንግጪ። በግራም በኩል እቀፊው።

የክሊኒኩ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ባዶ ነበረች፤ እኔ ሞላኋት፦ «ወንድም። ሃያ ሦስት ዓመቱ። እስካሁን ምንም። ማወቅ ይፈልጋል።» ደብዳቤዬ ስህተት ካለበት አርሚው፤ ግን በሾፌሩ አትላኪው። ለአባዬ ስጪውና እሱ ራሱ ያምጣልኝ።

ቁንጫ